ዋጋው የረከሰ፣ አሰጋገሩ የተበላሸ ዎከር ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከናሽቪል ወጣ ብለው ጥቂት ኤከር መሬት የገዙ ወዳጆች አሉ፤ በኬንታኪና በጆርጂያም እንዲሁ። ግቢው ሣር ማብቀል ሲጀምር የሚጠይቁኝ ነገር ተመሳሳይ ነው፦ «ኢንተርኔት ላይ 900 ዶላር የተባለ ቴነሲ ዎከር አየሁ፤ ጥሩ ፈረስ ነው፣ ትንሽ ሥልጠና ብቻ ይፈልጋል ይላል፤ ልግዛው?» መልሱ እንደ ገዢውም እንደ ፈረሱም ስለሚለያይ ጥያቄዎቹን ከፋፍዬ አስቀምጫቸዋለሁ።

ዎከር ከሌላው ፈረስ በምን ይለያል?

ሰጋር በቅሎ ላይ ተቀምጦ ለሚያውቅ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። ተራ ፈረስ በሶምሶማ ሲሄድ እግሮቹን በሰያፍ ጥንድ ጥንድ እያደረገ ስለሚያነሳ ጋላቢውን ያነጥረዋል። ሰጋር ግን አራቱን እግሮች በየተራ ስለሚያሳርፍ ጀርባው ይረጋል። ሀገር ቤት ሽማግሌውም ቄሱም ለረጅም መንገድ በቅሎ ይመርጡ የነበረው ለዚህ ነው። ቴነሲ ዎከር፣ ሙሉ ስሙ ቴነሲ ዎኪንግ ሆርስ፣ የመካከለኛው ቴነሲ ባለ እርሻዎች ማሳቸውን ቀኑን ሙሉ ሳይደክሙ ለመዞር ያረቡት ሰጋር ነው። ሦስት አረማመድ አለው፦ በሰዓት ከ4 እስከ 8 ማይል የሚሄድበት ፍላት ዎክ፣ ከዚያ የሚፈጥነው ረኒንግ ዎክ፣ እና ግልቢያ። ሲሄድ የኋላ እግሩ የፊት እግሩ የረገጠበትን አልፎ ያርፋል፤ ጭንቅላቱም ከርምጃው ጋር ላይ ታች ይላል።

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ፣ የስዊድን ተመራማሪዎች የመሩት ጥናት፣ ዲኤምአርቲ3 በሚባል ዘረ መል ላይ ያለ አንድ ለውጥ ፈረስን እንዲህ ላለ አረማመድ እንደሚያበቃው አሳይቷል። ዎከሮች በጥቅሉ ይህን ይዘው ነው የሚወለዱት። ለገዢ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሻጩ «መስገር አቁሟል» ሲል ተፈጥሮው ጠፍቷል ማለት ሳይሆን አንድ ነገር ጋርዶታል ማለት ነው። ሕመም ሊሆን ይችላል፣ ኮቴ ሊሆን ይችላል፣ የሰው እጅ ሊሆን ይችላል። የእናንተ ሥራ ምን እንደጋረደው ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ማወቅ ነው።

ሚዙሪ ፎክስ ትሮተር፣ ፓሶ ፊኖ፣ የፔሩ ፓሶና የአይስላንድ ፈረስም ሰጋሮች ናቸው፤ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ለእነሱም ይሠራል።

ታዲያ ለምን ረከሰ?

አንዳንዴ ምክንያቱ ከፈረሱ ጋር አይገናኝም። ባለቤቱ ይፋታል፣ ይታመማል፣ ልጆቹ ኮሌጅ ይገባሉ። በመከር ወቅት ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ድርቆሽ መመገብ ያልፈለገ ሰው በጥቅምትና በኅዳር ዋጋ ይጥላል፤ ዓይን ያለው ገዢ የሚጠብቀው ያንን ጊዜ ነው።

አንዳንዴ ግን ምክንያቱ ራሱ ፈረሱ ነው፤ ሻጩም ያውቀዋል። ያነክሳል፣ ሰው ጥሏል፣ ወይም የትርዒት ፈረስ ሆኖ ሲሠቃይ ኖሯል። ማስታወቂያ ላይ «ልምድ ላለው ጋላቢ» የሚል ካለ በቀጥታ ደውላችሁ «ማንን ጣለ? መቼ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከጥያቄው በኋላ ያለው ዝምታ ብዙ ይናገራል።

እግረ መንገዴን፣ የዝርያው መነሻ አባት ተብሎ የተመዘገበው ጥቁር ድንጉላ፣ አለን ኤፍ-1፣ እ.ኤ.አ. በ1886 የተወለደው ለሶምሶማ ውድድር ታስቦ ነበር። እሱ ግን ሶምሶማውን ትቶ የአንድ ጎን ሁለት እግሮቹን አብሮ እያነሳ ስላስቸገረ አንድም ውድድር ሳይሮጥ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጋገረ። እ.ኤ.አ. በ1935 የዝርያው አርቢዎች ማኅበር ቴነሲ ውስጥ ሉዊስበርግ ላይ ሲቋቋም የመጀመሪያውን ቁጥር የሰጡት ለእሱ ነው። ሻጭ ይህን ታሪክ ሲያወራላችሁ ግን ቦርሳችሁን ያዝ አድርጉ፤ እያንዳንዱ የተበላሸ ፈረስ አለን አይደለም።

አሰጋገሩ መበላሸቱን በምን አውቃለሁ? እኔ ባለሙያ አይደለሁም።

ስልክ ይበቃል። ፈረሱ በጠንካራ መሬት ላይ ሲሄድ ከጎኑ ሆናችሁ በስሎው ሞሽን ቅረጹት። ቤት ገብታችሁ የአንዱን ጎን ሁለት እግሮች ብቻ ተመልከቱ። ደኅና ዎከር የኋላ ግራውን ያሳርፋል፣ ቀጥሎ የፊት ግራውን፣ ከዚያ የኋላ ቀኙን፣ የፊት ቀኙን፤ በመካከላቸው ያለው ጊዜ እኩል ነው። ድምፁን ብቻ ብትሰሙ እንኳ አራት ምት ይቆጠራል።

የአንድ ጎን ሁለቱ እግሮች አብረው ተነሥተው አብረው ካረፉ ፔስ ነው፤ የሚሰማው ምት ሁለት ብቻ ይሆናል፤ ላዩ ላይ የተቀመጠው ሰውም ታንኳ ላይ እንዳለ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። በጣም የተለመደው ችግር ይኸኛው ነው። በተቃራኒው ወደ ሶምሶማ ያደላም ይገኛል። በሁለቱ መካከል የተንጠለጠሉ ብዙ አረማመዶች አሉ፤ ለስማቸው አትጨነቁ። ዋናው ነገር ፈረሱ በዝግታ ሲሄድ፣ ልጓሙ ላልቶለት፣ ለጥቂት ርምጃ እንኳ አራቱን ምት ማውጣት መቻሉ ነው። ያ ካለ የሚሠራበት መሠረት አለ። በዝግታም እንኳ ሁለት ምት ብቻ ከሆነ ሥራው ረጅም ነው።

ከሕመም ይሁን ከመጥፎ አያያዝ እንዴት ይለያል?

አብዛኛው ገዢ የሚዘለው ይህን ጥያቄ ነው። «ሥልጠና ይፈልጋል» ከተባሉት ፈረሶች ውስጥ በእኔ ግምት ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚያስፈልጋቸው አሠልጣኝ ሳይሆን ሐኪም ነው።

ከኮቴው ጀምሩ። የፊቱ ኮቴ ጣት ረዝሞ ተረከዙ ከተኛ ፈረሱ ርምጃውን በጊዜ መቁረጥ አይችልም፤ አሰጋገሩም ይንሸራተታል። በኮቴው ላይ ያሉትን ቀለበቶች ተመልከቱ። ከፊት ጠበብ ብለው ወደ ተረከዙ እየሰፉ የሚሄዱ ከሆነ ፈረሱ ቀደም ሲል ላሚናይቲስ የሚባለው የኮቴ ውስጥ ብግነት አጋጥሞት ሊሆን ይችላል። ዎከሮች በትንሽ መኖ የሚወፍሩ ስለሆኑ ይህ በሽታ ይወዳቸዋል። የኮቴ ባለሙያው፣ እዚህ ፋሪየር የሚሉት፣ ረዝሞ የተተወ ኮቴ በአንድ ቀን አያስተካክልም። ኮቴ በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው፤ ከላይ እስከ ታች ለመተካት ዓመት ያህል ይፈጃል።

ቀጥሎ ጀርባው። ከትከሻው ኋላ ጀምራችሁ እስከ ወገቡ ድረስ በጣቶቻችሁ ጫን እያላችሁ ሂዱ። ጆሮውን ወደ ኋላ የሚያጥፍ፣ ጀርባውን የሚያሰምጥ ወይም ዞር ብሎ ሊነክስ የሚቃጣው ሕመም አለበት። ጠባብ ኮርቻ ትከሻው ላይ ተጭኖት የኖረ ፈረስ ጀርባውን አስምጦ፣ አንገቱን ሰቅሎ መሄድ ይለምዳል፤ የሰመጠ ጀርባ ደግሞ ወደ ፔስ ይወስዳል። ጥርስም አይረሳ፤ የሾለ ጥርስ ያለው ፈረስ ልጓም ሲነካው ጭንቅላቱን ይወረውራል፤ ሻጩም «አመለኛ ነው» ይላል።

ስለ ሶሪንግ ሰምቻለሁ። የምገዛው ፈረስ ላይ እንዳለ ማወቅ ይቻላል?

ሶሪንግ ማለት ፈረሱ በትርዒት ላይ የፊት እግሩን ከልክ በላይ ከፍ አድርጎ እንዲወረውር ሆን ብሎ እግሩን ማሳመም ነው፤ የሚያቃጥል ኬሚካል ይቀቡታል፣ ላዩ ላይ ሰንሰለት ያስሩበታል፣ ወፍራም ድርብ ጫማ ይመቱለታል። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የፈረስ ጥበቃ ሕግ እንዲህ የተደረገበትን ፈረስ ለትርዒትም ለሽያጭም ማቅረብን ይከለክላል። ያም ሆኖ ከትርዒት ዓለም የተጣሉ፣ ጠባሳ የያዙ ፈረሶች በርካሽ ገበያ ላይ ይወጣሉ።

ሁለቱን የፊት እግሮች በየተራ አንሥታችሁ፣ ከኮቴው በላይ ያለችውን ጠባብ ቦታ ከኋላ በኩል በአውራ ጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ዳብሱ። ደኅና ቆዳ ለስላሳና ታጣፊ ነው። ጠጉሩ የሳሳ፣ ቆዳው የወፈረና እንደ ሽንትር የተደረደረ ሆኖ ካገኛችሁት ጠርጥሩ። ቀላል ንክኪ እግሩን ካስነጠቀው ወይም ሆዱን ካስጨመተረው ይበልጥ ጠርጥሩ። ሌላው ምልክት አእምሮው ላይ ያለው ነው፦ ሰው ወደ እግሩ ጎንበስ ሲል ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል።

እንዲህ ያለውን ፈረስ አትግዙ አልልም። አንዳንዶቹ ኮቴያቸው ተስተካክሎ፣ ዓመት ያህል መስክ ላይ አርፈው፣ እጅግ ገር ፈረስ ይወጣቸዋል። ግን ከገዛችሁት እያወቃችሁ፣ ዓመት ጠብቃችሁ፣ መጋለቡ ባይሳካም ልታኖሩት ፈቅዳችሁ ይሁን።

በ900 ዶላር ፈረስ ላይ የሐኪም ምርመራ መክፈል አይበዛም?

አይበዛም። ርካሹ ፈረስ ነው ይበልጥ ምርመራ የሚያስፈልገው። ሐኪሙ የእናንተ እንጂ የሻጩ ቋሚ ሐኪም አይሁን። ሰጋር ፈረስ የሚያውቅም ይሁን። ምክንያቱ ይሄ ነው፦ በሌላ ፈረስ ላይ ማንከስ የሚታየው ሶምሶማ ሲሄድ በጭንቅላቱ መነሣትና መውደቅ ነው። ዎከር ግን ሶምሶማ አይሄድም፤ ጭንቅላቱም በተፈጥሮው ላይ ታች ይላል። ያልለመደ ሐኪም ሕመሙን አሰጋገር ነው ብሎ፣ አሰጋገሩንም ሕመም ነው ብሎ ሊያልፍ ይችላል።

የደም ናሙናም አስወስዱ። ቢዩት የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ማንከስን ይደብቃል፤ ማደንዘዣ ደግሞ ደንባራውን ለአንድ ከሰዓት በኋላ የዋህ ያደርገዋል። ኮጊንስ የተባለው የደም ምርመራ ወረቀት ከሌለ ፈረሱን አትጫኑ። ምርመራው መድኃኒት የሌለውን ተላላፊ የደም ማነስ በሽታ የሚለይ ነው፤ ከግዛት ወደ ግዛት ሲጓዝም ይጠየቃል።

ሰላሌ (ወይም አገው ምድር) ፈረስ ላይ ነው ያደግሁት። ራሴ ብገራውስ?

ሚዛን ጠብቆ መቀመጥ፣ ፈረስ አለመፍራት፣ ጆሮውን አይቶ ሐሳቡን ማወቅ፣ እነዚህ የትም አገር ያገለግላሉ፤ እዚህ ተወልደው በክፍያ ከተማሩት ብዙዎች ትበልጣላችሁ። እጅ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ሀገር ቤት የለመድነው ባለ ቀለበት ልጓም አፍ ላይ ከባድ ነው፤ ጉግስ ላይ ፈረስን በድንገት ለማቆምና ለማዞር ያገለግላል። አሰጋገሩ የጠፋበትን ዎከር የሚመልሰው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ለስላሳ ልጓም፣ የረጋ እጅ፣ ብዙ ዝግታ። ልጓም በሳባችሁ ቁጥር አንገቱን ይሰቅላል፣ ጀርባውን ያሰምጣል፣ ያ ፔስ ተመልሶ ይመጣል።

ሌላም አለ። የአባታችሁ ፈረስ በመንደሩ ሁሉ የሚታወቅ፣ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ሕፃናት ሲጋልቡት ያደገ ነበር። ይሄኛው ማን ምን እንዳደረገው አታውቁም። መጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሰጋር ከሚያውቅ አሠልጣኝ ጋር ሥሩ፤ ከዚያ በኋላ ራሳችሁ መቀጠል ትችላላችሁ።

ፈጽሞ ጀማሪ ነኝ። አብረን ብንማርስ?

አይሆንም። ለደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮባት እንዲሉ ነው። ልጅ እንዲጋልበው ካሰባችሁማ ጭራሽ አይታሰብ። የተገራ፣ ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ሰነፍ የሚባል ፈረስ ፈልጉ፤ ስንፍና ለጀማሪ በረከት ነው።

እንደገና ማሠልጠኑ እንዴት ነው የሚሠራው? ምን ያህልስ ይፈጃል?

የመጀመሪያው ወር ብዙ ጊዜ ያለ ኮርቻ ያልፋል፤ ኮቴው ይስተካከላል፣ ጥርሱ ይሞረዳል፣ ከስቶ ከሆነ ክብደት ይጨምራል፣ በገመድ መመራትን፣ መቆምን፣ ወደ ኋላ መመለስን ይማራል። አንዳንዱ ፈረስ ከዚህ ብቻ ግማሽ መንገድ ይሻላል።

ኮርቻ ሲጫን ሥራው መራመድ ነው። አዎ፣ መራመድ ብቻ። ፔስ የሚያበዛ ፈረስ በፍጥነት ሲሄድ ሰውነቱ ይገተርና ይበላሻል፤ በዝግታ ግን አራቱን ምት ያገኘዋል። አሠልጣኙ ፈረሱ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እንዲዘረጋ ያበረታታዋል። መሬት ላይ በተጋደሙ ግንዶች ላይ ያሳልፈዋል፤ ግንዱን ላለመንካት እያንዳንዱን እግር ለየብቻ ማንሣት አለበት፣ የጎን ጥንዱም ይፈታል። ሰፋፊ ክብ ያዞረዋል፣ ጎርበጥ ባለ መስክና በለዘበ ዳገት ይወስደዋል። ፔስ ውስጥ በገባ ቁጥር ሳይቆጣው ወደ ዝግታው ይመልሰዋል። ፍጥነቱ የሚጨመረው ዝግታው ላይ የማይሰበር ሆኖ ሲገኝ ነው፤ ያውም ለጥቂት ርምጃ፣ ከዚያ መልሶ ማዝገም። ወደ ሶምሶማ የሚያደላው ፈረስ ላይ መንገዱ ይለያል፤ ግንድ ላይ ማሳለፉ እንዲያውም ሶምሶማውን ያጠነክርበታል።

ጤነኛና የዋህ ሆኖ አሰጋገሩ ብቻ የተበላሸ ፈረስ በ3 ወር ግልጽ ለውጥ ካላሳየ ወደ ሐኪሙ ተመለሱ። ልማዱ ሥጋው ውስጥ እስኪገባ ግን ዓመት ስጡት። ፍርሃት ያለበት ፈረስ የጊዜ ሰሌዳ የለውም። «በ30 ቀን እመልሰዋለሁ» የሚል አሠልጣኝ በከባድ ጫማና የጎን ብረቱ በረዘመ ልጓም የሚያስመስል ነው፤ ቤት ስታመጡት ሌላ ፈረስ ታገኛላችሁ።

በገንዘብ ያዋጣል?

አንድ ስሌት እንሥራ። ፈረሱ 900 ዶላር። አሠልጣኙ መኖውን ጨምሮ በወር 1000 ቢያስከፍል በ3 ወር 3000። በዚህ ላይ ምርመራው፣ ማጓጓዣው፣ ፋሪየሩ፣ ጥርሱ፣ የሚስማማው ኮርቻ አለ። 5000 ዶላር ሳታስቡት ትደርሳላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «በ5000 ዶላር ዛሬውኑ እየሰገረ የሚመጣ፣ መንገድ የለመደ ፈረስ በአካባቢዬ አለ ወይ?» የሚለው ነው። ካለ፣ የርካሹ ታሪክ እዚያ ላይ ያበቃል፣ የማሠልጠኑ ሥራ ራሱ ደስ የሚላችሁ ሰዎች ካልሆናችሁ በስተቀር።

ከዚያ በኋላ ያለው ወጪ የርካሹም የውዱም እኩል ነው። 1000 ፓውንድ የሚመዝን ፈረስ በቀን ከ15 እስከ 20 ፓውንድ ድርቆሽ ይበላል። ግጦሽ በሌለበት 20ውን ብትወስዱ በዓመት 7300 ፓውንድ ነው፤ ባለ 50 ፓውንዱ እስር 146 ማለት ነው። ፋሪየር ደግሞ በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ይመጣል።

አንድ ብቻ ብገዛ ችግር አለው?

አለው። ፈረስ ብቻውን ሲሆን ይረበሻል፤ አጥር ለአጥር ሲመላለስ ይውላል። ያረጀች ባዝራ ወይም አህያ ጓደኛ ትሆነዋለች። ገና የሚሠለጥን ፈረስ ላይ ይህ ጭንቀት ሥልጠናውን ይበላዋል።

ላየው ስሄድ ምን ልመልከት?

ለሻጩ አስቀድማችሁ «ከመስኩ ሲያዝ ማየት እፈልጋለሁ፤ ኮርቻ እንዳትጭኑበት» በሉት። ስትደርሱ ፈረሱ ተጭኖ፣ በላብ ርሶ ከጠበቃችሁ ጉልበቱን አውጥተውለታል፤ ሌላ ቀን ሳታስታውቁ ተመለሱ። ሲያዝ ይሸሻል ወይስ ይመጣል? ሃልተር፣ ማለትም ያለ ልጓም የሚመሩበት የጭንቅላት ማሰሪያ፣ ሲገባለት ጭንቅላቱን ይሰቅላል? ቀበቶው ሲጠብቅ ሆዱን ይነፋል፣ ይነክሳል? ሰው ሲወጣበት ቆሞ ይጠብቃል ወይስ የጋላቢው እግር ገና እርካብ ላይ ሳለ መሄድ ይጀምራል?

መጀመሪያ ሻጩ ይጋልበው። ሻጩ «ወገቤን ያመኛል» ካለ የእናንተም ወገብ ይታመማል ብላችሁ አስቡ። ከሌሎች ፈረሶች ርቆ እንዲሄድ፣ ከዚያ እንዲመለስ አድርጉ፤ ወደ ጋጣው ሲዞር መፈርጠጥ የሚጀምረው ብዙ ነው። እኔ ከአሰጋገሩ ይልቅ ለፊቱ ነው ትኩረት የምሰጠው፦ ዓይኑ የረጋ፣ ሰው ሲቀርበው አንገቱን ዝቅ የሚያደርግ፣ ተደናግጦ ቶሎ የሚረጋጋ ፈረስ አረማመዱ ቢበላሽም ተስፋ አለው። ውብ እየሰገረ ዓይኑ የሚቅበዘበዘውን ግን ለሌላ ሰው ተዉለት።

ከጨረታ ብገዛስ?

እዚያ ብዙ ጊዜ ሙከራም፣ የሐኪም ምርመራም፣ የቀድሞ ባለቤትም አታገኙም። «ዛሬ ካልተገዛ ወደ ቄራ ይጫናል» የሚል ማስታወቂያ ልብ የሚነካ ነው፤ የሚነግዱበትም ለዚያ ነው። ከገዛችሁ ለ3 ሳምንት ያህል ከሌሎች ፈረሶች ለይታችሁ አቆዩት፤ ስትራንግልስ የተባለው የጉሮሮ በሽታ ከጨረታ የሚመጣ እንግዳ ነው።

ተስማማን እንበል። ሽያጩ ላይ ምን ይጻፍ?

የሽያጭ ደብዳቤ ይኑር፤ ስሙ፣ ዕድሜው፣ ቀለሙና ምልክቱ፣ ዋጋው፣ ሻጩ ስለ ጤናውና ስለ አመሉ በቃል የነገራችሁ ሁሉ ይግባበት። የዝርያ መዝገብ ወረቀት አለው ከተባለ ስም ማዘዋወሪያውን እዚያው ቦታ አስፈርሙ፤ «በፖስታ እልካለሁ» የተባለ ወረቀት ብዙ ጊዜ አይደርስም። ከተቻለ የሁለት ሳምንት ሙከራ ጠይቁ። ከፈቀደ፣ ፈረሱ ቢጎዳ ማን እንደሚከፍል በዚያው ወረቀት ላይ አስፍሩ። ለመሸጥ ቸኩሎ በ900 ዶላር የሚሰጥ ሰው ሙከራ ባይፈቅድ አይገርምም፤ የሐኪም ምርመራ ከከለከለ ግን መኪናችሁን አስነሥታችሁ ሂዱ።